አምስተኛው ጉድጓድ

ኅዳር 12

ቆፋሪው ጎፉር ቻቻ ዛሬ የአፈሩን ናሙና ይዘው መጡ። ሁላችንም ቻቻ፣ አጎት፣ ነው የምንላቸው። አሥራ ዘጠኝ ቱቦ፣ ጫፍና ጫፋቸው በሰም የታሸገ። እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ነው ደረጃውን የወጡት። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ግን ተሸካሚ አያስጠጉም። «ጭቃ ከተናወጠ ይዋሻል» ይላሉ።

የኮላጋቺ ትምህርት ቤት ናሙና ነው። ከታች ባዶ፣ ከላይ ሁለት ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ክፍል። በአዘቦት ቀን ልጆች ይማሩበታል። አውሎ ነፋስ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ይጠለልበታል፤ ዘጠኝ መቶ ሰው። አምስት ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ የአምስቱም መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አንዱን ቱቦ ከፈትን። ግራጫ ጭቃ፣ በክር የሚቆረጥ። ቻቻ ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ነከሱት። አሸዋ ካለበት ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ ንጹሕ ጭቃ ከሆነ ይንሸራተታል። ላቦራቶሪው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እሳቸው በአንድ ንክሻ...

«ልስልስ ያለ ነው እናቴ። እንደ ደላላ ምላስ።»

«እስከ ስንት ሜትር?»

«እስከ አርባ ይኸው ነው። አርባ አንድ ላይ አሸዋ ነክቻለሁ።»

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሴት መሐንዲስ መጣች ብለው ቆፋሪዎቹ ሲሳሳቁብኝ፣ መዳፌ ላይ ቁራጭ ጭቃ ያስቀመጡልኝ እሳቸው ናቸው። «አኝኪው፤ እነሱን ተያቸው።» አኘክሁት። ሳቁ ቆመ። ቤቴ ገብቼ ግን አስመለሰኝ... ይህንን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 15

ዓርብ ነው፣ የዕረፍት ቀን፣ ቢሮው ባዶ። ለስሌት የሚመች ቀን።

አርባ አንድ ሜትር ድረስ ምሰሶ ማውረድ አይታሰብም። አለቃዬ ሞታሌብ ሳሂብ «ለመንደር ትምህርት ቤት ነው ወይስ ለቤተ መንግሥት?» ይለኛል። ስለዚህ ምሰሶዎቹ እግራቸው የሚያርፍበት ጠንካራ ነገር የላቸውም። ጭቃው ዙሪያቸውን ጨብጦ ይይዛቸዋል፣ በዚያው ይቆማሉ። ሠላሳ ስድስት የኮንክሪት ምሰሶ፣ እያንዳንዱ ሃያ ሁለት ሜትር። አንዱ የሚሸከመው ሃያ አምስት ቶን ነው፤ ጭቃው እስከ ስድሳ ሦስት ድረስ ይይዝለታል። ከበቂ በላይ።

ኅዳር 17

ጉድጓድ ሦስትና ጉድጓድ አምስት መንታ ናቸው። ቧንቧውን ወደ ጭቃው ለማስገባት መዶሻው ስንት ጊዜ እንደ መታ የተጻፈበትን ረድፍ አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት... ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። የእርጥበቱ መጠን ሳይቀር።

ቻቻ ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ልላቸው ነው? ሳይቆፍሩ ቆፈርኩ ብለው ጻፉ? እኔ? ለእሳቸው?

ጭቃ ነው። ጭቃና ጭቃ ቢመሳሰል ምን ይገርማል?

ኅዳር 19

ፈረምኩ። ማህተሜን መታሁበት።

የካቲት 20

ኮላጋቺ ላይ ምሰሶዎቹ መግባት ጀመሩ። የሳይቱ ሰው ፎቶ ላከልኝ። ሜዳው ንጹሕ ነው፣ ደልዳላ። አንዱ ጫፍ ነጣ ያለ አሸዋ ለብሷል። ለማሽኑ መቆሚያ ያነጠፉት መሰለኝ።

መሄድ ነበረብኝ። ድሮ እሄድ ነበር። አሁን ሰባት ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ማን ወንዝ ተሻግሮ...

መጋቢት 6

የክብደት ፈተናው አለፈ። አሸዋው ጋ ካሉት ምሰሶዎች አንዱን መርጠው ሃምሳ ቶን ጫኑበት፣ ከሚሸከመው እጥፍ። አንድ ቀን ሙሉ ከነጭነቱ ዋለ፣ አደረ። የወረደው አምስት ሚሊሜትር ብቻ። ሞታሌብ ሳሂብ በስኳር ውሃ የተነከረ ጣፋጭ አስመጥቶ ለቢሮው ሁሉ አዳረሰ። «የዲልሩባ እጅ!» እያለ። ደስ አለኝ። ሁለት በላሁ።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ኮላጋቺ የሁለተኛው ፎቅ ኮንክሪት ተሞላ አሉ።

መስከረም 13

የኮላጋቺ ርዕሰ መምህርት ደወሉልኝ። ቢሞላ ዲዲ ይባላሉ፤ በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም። እኔ ዲዲ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አፓ ይሉኛል፤ ሁለቱም «እህቴ» ማለት ነው። የሕንፃው ርክክብ ገና አልተፈጸመም፣ ሆኖም ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።

«አፓ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት በሮች አልዘጋ አሉኝ። አናጢው ሦስት ጊዜ ላጋቸው። እንዲህ ከቀጠለ በሩ አልቆ መላጊያው ሊቀር ነው።»

«እርጥበት ይሆናል ዲዲ። ክረምት ነበር።»

«የምሥራቁ በር ላይ አልዘነበም እንዴ?»

ነገ እሄዳለሁ።

መስከረም 14

ቢሮዬ ካለበት ከኩልና ከተማ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ፣ አርባ ደቂቃ በጀልባ፣ ከዚያ ጭቃ ለጭቃ በእግር። ዲዲ በራፍ ላይ ጠበቁኝ። ቀጭን ናቸው፣ ነጭ ሳሪ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ሱኩማር የሚባል ዓሣ አርቢም መጣ፣ ሚስቱ ማሎቲ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ የታሸ የፈካ ሩዝ ልካልኝ። ገና ከመቀመጤ እፍኝ ሙሉ ሰጠኝ።

የመጨረሻው ክፍል ገባን። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ፣ ወደ ምዕራብ ተንከባለለ። አነሳሁት። ደግሜ ጣልኩት። ተንከባለለ።

ሱኩማር ሳቀ። «ዓሣዎቼ ናቸው አፓ። ቤታቸው ላይ ቤት ሠርታችሁ ዝም የሚሏችሁ መስሏችሁ ነው?»

«የምን ዓሣ?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «የኩሬው ነዋ!»

ኩሬ። የሕንፃው ምዕራባዊ ሲሶ ያረፈው ኩሬ ላይ ነው። ሦስት ሜትር ጥልቀት የነበረው ኩሬ። ፕላኑ ላይ የለም፣ ሪፖርቱ ላይ የለም። ሱኩማር ተከራይቶ ዓሣ ያረባበት ነበር። ጥር ላይ ውሃው ተቀዳ፣ ዓሣው ወጣ፣ ከወንዙ በቧንቧ አሸዋ ተስቦ ተሞላ። ከመሬቱ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ተደርጎ። ያ ነጭ አሸዋ...

«ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ውሃ ነበረበት?» አልኩ።

ዲዲ መለሱ፦ «እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ዓሣው ገና ጫጩት ነው፣ ጥር ላይ ነው የሚወጣው፣ እስከዚያ ውሃውን እንዳትነኩት አልኳቸው። የድሃ እንጀራ ነው። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፣ እሺ አሉኝ።»

«ታዲያ አምስተኛውን ጉድጓድ የት ቆፈሩት?»

ሱኩማር ጣቶቹን ቆጠረ። «ሻይ የማመላልስላቸው እኔ ነበርኩ። አራት ነው አፓ። አራት ቆፍረው ሄዱ።»

ግንበኞቹ ልክ የሚጠብቁበትን የውሃ ቱቦ ተዋስኩ። አንዱን ጫፍ ምሥራቅ፣ አንዱን ምዕራብ። የምዕራቡ ጫፍ ሃያ ሦስት ሚሊሜትር ወርዷል። ለዲዲ ምንም አላልኳቸውም። «አጣራለሁ» ብቻ።

መስከረም 15

አሰላሁት።

አራት ሜትር አሸዋ ከባድ ነው። ሥሩ ያለውን ጭቃ እየጨመቀ ያሰምጠዋል። የሚሰምጥ ጭቃ ደግሞ ምሰሶ አይደግፍም፤ እንደ ጨበጠው ይዞት ይወርዳል። የያዘልኝ እጅ የሚጎትተኝ እጅ ሆነ።

ከላይ ያለው አሥራ አራት ሜትር ጭቃ ብቻውን ሃያ ዘጠኝ ቶን ይጎትታል። የሕንፃው ሃያ አምስት። ድምር ሃምሳ አራት። ታች የቀረው ጭቃ የሚችለው ሠላሳ አራት።

ሦስቴ ደገምኩት። ሠላሳ አራት።

ፈተናውስ እንዴት አለፈ? በአንድ ቀን ጭነት ምሰሶው ከጭቃው ቀድሞ ይወርዳል፤ ያኔ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ይደግፋል። መጎተቱ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው፣ በወራት። ፈተናው ወራት አይጠብቅም።

አሥራ ሁለት ምሰሶ። ኩሬው ላይ ያሉት አሥራ ሁለቱም።

መስከረም 17

ቻቻ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ፊታቸው ዘረጋሁ። ማንበብ ሳይጀምሩ ገባቸው።

«ውሃ ላይ ለመቆፈር ታንኳ አጋጥሞ መድረክ መሥራት ነበረብኝ» አሉ። «ሴትየዋ ለመኑኝ። ዓሣው ጫጩት ነበር... ሦስት ወር ቆይቼ ልምጣ ብል ማን ይጠብቀኛል? ሦስተኛው ከዳርቻው አምስት እርምጃ ነው። አምስት እርምጃ ጭቃውን ምን ይለውጠዋል ብዬ።»

«ኩሬ መኖሩንስ ለምን አልጻፉልኝም ቻቻ?»

«ኩሬ ከጻፍኩ ለምን አልቆፈርክም አይሉኝም?»

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ቀዳዳውን አይቼ ያለፍኩት ግን እኔ ነኝ። እሱን ነገርኳቸው። መንታ መሆናቸውን ኅዳር ላይ አይቻለሁ፣ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ለምን አልደወልሽም?»

«አፍሬ።»

«እኔን አፍረሽ?» መረቡን ጣሉት። «ወይኔ ልጄ...» አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ የት ይታያል? ጫማዬን እያየሁ ቆየሁ።

መስከረም 19

ሞታሌብ ሳሂብ በሩን ዘግቶ ሰማኝ። ስሌቱን አገላበጠ። ደደብ አይደለም፣ ወዲያው ነው የገባው።

«ፈተናውን አልፏል» አለ።

«ፈተናው ይህንን አያሳይም። እርስዎም ያውቁታል።»

«እኔ የማውቀው የተፈረመበት ወረቀት እንዳለ ነው። የማን ፊርማ ነው ዲልሩባ?»

«የእኔ።»

«እና? ማን ጠየቀሽ? የአንቺ ፈቃድ ይሄዳል፣ የሽማግሌው ስም ይጠፋል፣ ቢሮው ይዘጋል። ሕንፃው እንደሆነ ዛሬ አይወድቅ፣ ነገ አይወድቅ። ርክክቡ ይለፍ፣ በጥገና ስም ምሰሶ እንጨምርበታለን። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አይነቅዝም... ዝም አልኩ።

መስከረም 24

ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የምናዘዝበትን ደብዳቤ ጀመርኩ። «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው» ከሚለው አላለፍኩም።

መስከረም 28

ኮላጋቺ። ለጉብኝት መጣሁ አልኩ። ሃያ ሰባት ሚሊሜትር። በአራተኛው ዓምድ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፣ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ። ዲዲ በኖራ ቀብተውታል። «ለርክክቡ እንዳያስጠላ» አሉኝ። እንዴት አልነገርኳቸውም? አፌ ላይ ነበር። ሻይ ቀዱልኝ፣ ጠጣሁት፣ ተመለስኩ።

ጥቅምት 3

ቻቻ ደወሉ። «ጻፍሽ?»

«አልጻፍኩም።»

«በእኔ አሳብቢ። ቆፋሪው ዋሸኝ በይ። እኔ ምን ቀረኝ?»

እሱን ብዬ ብጽፍ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ... ስልኩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 9

ሠላሳ አንድ። ሱኩማር በቱቦው አንድ ጫፍ ቆሞ ያግዘኝ ነበር። ምን እንደምለካ አልጠየቀም። «አንዱ ጫፍ ሲወርድ አንዱ ይወጣል፣ እንደ ጎረቤት ነገር» እያለ ይስቃል። አዲስ ኩሬ ከመንደሩ ማዶ ተከራይቷል። ዓሣው ሲደርስ ትልቁን ለእኔ ሊልክ ቃል ገባ።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሆኗል። መሳቢያ ውስጥ።

ጥቅምት 12

ባሕሩ ላይ አውሎ ነፋስ ተነስቷል። ጠዋት ማስጠንቀቂያው አራት ቁጥር ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት፤ አሥር ከደረሰ የከፋው ነው። አቅጣጫው ወደ እኛ ነው ይላሉ። ቢሮው ውስጥ የሚወራው ሌላ የለም። ሞታሌብ ሳሂብ እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ሰበረ።

ጥቅምት 13

ሰባት ቁጥር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለዲዲ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩሬውን፣ ጉድጓዱን፣ አሥራ ሁለቱን ምሰሶ። ከኋላቸው በድምፅ ማጉያ ሰው ውጡ እየተባለ ይጮሃል።

«ይወድቃል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አፓ፣ ዘጠኝ መቶ ሰው ወደ እኔ እየመጣ ነው። አላውቅም አይበሉኝ።»

«የምዕራቡን አራት ክፍል ይዝጉት። በስምንቱ ክፍል ብቻ ያስገቡ። ማንም ወደዚያ እንዳያልፍ።»

«በስምንቱ ስድስት መቶ ነው የሚገባው። የቀሩት ሦስት መቶስ?»

«ወንዝ ማዶ ያለው መጠለያ...»

«ጀልባው ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። አሁን ነው የሚነገረኝ?»

«እሺ፣ አዘጋዋለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቻቻ ክፍሎቹ ሊዘጉ ነው የሚለው ወሬ እንደ ደረሳቸው በሞተር ሳይክል ተነስተው ሄደዋል፤ ወንዙን በዓሣ አጥማጅ ዘመዳቸው ትንሽ ታንኳ ይሻገራሉ። «ኮሪደሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የእኔ ጉድጓድ ነው» ብለው። አልከለከልኳቸውም።

ጥቅምት 14

አሥር ቁጥር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መሬት ነካ። የቢሮው መስኮት ተሰበረ። ስልክ የለም። ሰማዩ እንደ እርጥብ ጭቃ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ይቁም። ሕንፃው ይቁም። ሌላ አልለምንም።

ጥቅምት 16

ቆሟል! የሳይቱ ሰው ደወለ። መስታወት ብቻ ነው የረገፈው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ «መንደሩን ከባሕር ውሃ የሚከላከለው የአፈር ግድብ ግን ተሰብሯል» አለኝ። «ግድቡ ላይ የነበሩ ሰዎች...» መስመሩ ተቋረጠ።

ጥቅምት 17

ኮላጋቺ ደረስኩ።

ሰባት ሰው። ቦታ አጥተው ወደ ግድቡ መንገድ የሄዱ። የቀሩት አንድ ነጋዴ የጡብ ቤት ገብተው ተርፈዋል። ሰባቱ ግድቡ ሲሰበር...

ሱኩማር አንዱ ነው። ማሎቲ ሌላዋ።

ቻቻ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ከሁለት ቀን ወዲህ እህል አልቀመሱም አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሳሪ አያይዘው አግድመው አስረዋል፣ እሳቸው ፊት ለፊቱ። ስምንቱ ክፍል ጢም ብሏል፣ ሰው በሰው ላይ። ሱኩማር ሚስቱን ይዞ መጣ።

«ቻቻ፣ ከኋላዎ ባዶ ክፍል ይታየኛል።»

«ይታይሃል። መግባት ክልክል ነው።»

«ለእኛም? ሻይ ያጠጣሁዎት እኔ!»

«ይሰምጣል ልጄ። ከሥሩ ኩሬ ነው።»

«ኩሬውንማ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?» ብሎ ሳቀ አሉ። ሄደ። ዝናቡ ሲብስ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ። ማሎቲ ዶሮ አቅፋለች። ቻቻ እንደገና አይሆንም አሏቸው። ሁለተኛ ሲሄድ አልሳቀም።

«ዲልሩባ ካለች አውቃ ነው ብዬ ነው» አሉኝ።

ተነስቼ ቱቦውን ዘረጋሁ። የሚያግዘኝ ስለሌለ አንዱን ጫፍ ዓምዱ ላይ በክር አሰርኩት። ከስምንት ቀን በፊት ሠላሳ አንድ ነበር።

ሠላሳ አንድ ነው።

ጥቅምት 18

ስልኩ ላይ ሆኜ ያላሰላሁትን ዛሬ አሰላሁት።

ሦስት መቶ ሰው አሥራ ስድስት ቶን ተኩል ይመዝናል። ለአሥራ ሁለት ምሰሶ ሲካፈል አንድ ቶን ተኩል እንኳ አይሞላም። ያውም ለአንድ ቀን። ለአንድ ቀን ሲጫንበት ጭቃው ይደግፋል፤ ፈተናው ላይ ሃምሳ ቶን አንድ ቀን ሙሉ ደግፏል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ስለ ዓመታት የማይረባው ፈተና ስለዚያች ቀን ግን ልክ ነበር። የሚያስፈልገኝ ደግሞ ያቺ ቀን ብቻ ነበረች።

ይገቡ ነበር። ሁሉም ይገቡ ነበር።

አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ስሌት ነው። ስሌቱን ለመሥራት ሃያ ስምንት ቀን ነበረኝ። በዚያ ሃያ ስምንት ቀን የሠራሁት ስለ ፊርማዬ ማሰብ ነው። እያወቁ አለቁ ይባላል። እኔ እያወቅሁ አላለቅሁም፤ ሌላው ነው ያለቀው።

ጥቅምት 20

ዲዲ ደወሉ። ሰላምታ የለም።

«ሃያ ስምንት ቀን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሻዬን ስትጠጪ ታውቂ ነበር?»

«አዎ ዲዲ።»

«ባዶውን ክፍል የዘጋሁት በእጄ ነው። ዓሣውን አትንኩ ያልኩትም እኔ ነኝ። የእኔን እሸከማለሁ። የአንቺን አብሬ እንድሸከምልሽ አትጠብቂ።»

እስከ ዛሬ አንቺ ብለውኝ አያውቁም።

ጥቅምት 21

ደብዳቤውን አስገባሁ። በሁለት ገጹ ፋንታ አዲስ ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ። መንታ ጉድጓዶቹን ኅዳር 17 ማየቴን። አይቼ መፈረሜን። መስከረም 15 ማወቄን። ጥቅምት 13 መናገሬን። አራት ክፍሎች ያለ ስሌት ማዘጋቴን። የሰባቱን ስም። የቻቻን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያደረጉትን ያህል ብቻ።

ሞታሌብ ሳሂብ ቅጂውን አንብቦ «ራስሽን ገደልሽ» አለኝ። ራሴን አይደለም አልኩት። ዕቃዬን በካርቶን ሰብስቤ ወጣሁ።

ኅዳር 4

ፈቃዴ ታገደ። ምሰሶ ይጨመራል፣ አሸዋው ድረስ፣ አርባ ሁለት ሜትር። ዲዛይኑን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ከዚያ በፊት አምስተኛው ጉድጓድ ይቆፈር ተብሏል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ። ዲዲ «የሚቆፍሩት ሽማግሌው ይሁኑ፣ እሷም ቆማ ትየው» ብለዋል አሉ። ይቅርታ እንዳይመስለኝ። አልመሰለኝም።

ኅዳር 12

ከጠዋት ጀምሮ ኮላጋቺ ነን። ምሰሶዎቹ መሐል፣ ከሕንፃው ሥር፣ ክፍት ቦታ ላይ የመቆፈሪያው ሦስት እግር ተተከለ። ጣሪያው ዝቅ ስላለ ቧንቧውን አጫጭር አድርገው ነው የሚቀጥሉት። ልጆች ከላይ አይማሩም፤ ትምህርቱ ዛፍ ሥር ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ ሲሉ ይሰማል።

ቻቻ ከስተዋል። ለሠራተኞቻቸው ይጮሃሉ፣ ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ። መጀመሪያ አሸዋ ወጣ፣ ነጭ፣ ንጹሕ። አንድ ሜትር፣ ሁለት፣ ሦስት። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በየሜትር ተኩሉ መዶሻው ሲመታ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ዲዲ ከርቀት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሻይ አላመጡም። ድሮ ለቆፋሪዎች ሻይ የሚያመላልሰው ሌላ ሰው ነበር።

አራት ሜትር ሲያልፍ ቧንቧውን አወጡት። ከፈቱት። አሸዋው ያልቅና ጥቁር ጭቃ ይጀምራል፣ የረጋ ውሃ የሚሸት። ቻቻ ቆንጠር አደረጉ። ወደ አፋቸው አላስጠጉትም። ለእኔ ዘረጉልኝ።

ነከስኩት። ተንሸራተተ። ከዚያ አንድ ቀጭን ነገር ጥርሴ ላይ ቀረ፤ አሸዋ አይደለም። አውጥቼ መዳፌ ላይ አየሁት። ቻቻም ጎንበስ ብለው አዩት።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ጉድጓድ አምስት። አራት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር። ጥቁር ልስልስ ጭቃ፣ የኩሬ ወለል፣ የዓሣ ቅርፊት አለበት። ቆፋሪ ጎፉር። ቆማ ያየች ዲልሩባ።

«ቀጥሉ» አልኩ።